ዘግይቶ የሚወርድ ድራም

ችኩሌ የሞተ ወንድሟን ድራም አስተካከለችና ዋናውን ቅጂ አጠፋችው። ነገሩ ይኸው ነው። ማሽን አልተበላሸም፣ መብራት አልሄደም፣ ሌባ አልገባም። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጇ፣ ሻይዋን አጠገቧ አስቀምጣ ነው ያደረገችው።

ችኩሌ የቤት ስሟ ነው። ያወጣላት ወንድሟ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ስለሚበልጣት ጋሼ ትለዋለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተምራለች፤ የምትተዳደረው ግን በሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። የሳሙና፣ የጫማ፣ የጥርስ ሐኪም። ደንበኛው ስቱዲዮ መጥቶ አርባ ሴኮንድ አውርቶ ይሄዳል፣ እሷ ሠላሳ ታደርገዋለች። ቃል አትቀንስም፤ የምትቀንሰው ትንፋሽ ነው። ሰው በዐረፍተ ነገርና በዐረፍተ ነገር መካከል አየር የሚስብበትን ቦታ እየቆረጠች ትጥላለች። ሰውዬው አንዴ እንኳ ሳይተነፍስ ሳሙና አወድሶ ይጨርሳል። በዚህ ሥራ እሷን የሚያህል አልነበረም።

ወንድሟ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ ዳምጠው ይነዳ ነበር፤ ያንን ጠጠርና ሬንጅ የሚደመድመውን ባለ ብረት ጎማ መኪና። ጓደኞቹም የእናት የአባቱን ስም ትተው ዳምጠው ነበር የሚሉት። ቅዳሜና እሑድ ድራም ይመታል። ሦስት ሆነው ዴዝ ሜታል የሚባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ ይጫወታሉ፦ እሱ ድራም፣ አንድ አናጢ ቤዝ ጊታር፣ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ደግሞ ጊታርና ድምፅ። መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ለአራት ዓመት ልጆች በለሆሳስ ተረት ሲያነብ ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሆዱ ውስጥ ጉድጓድ የተከፈተ ይመስል ያጓራል።

ችኩሌ ሙዚቃቸው አይገባትም። አንድ ቀን ሄዳ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጥላ ወጥታለች። ያስወጣት ጩኸቱ አልነበረም፤ ዝግታው ነው።

«ጋሼ፣ ዴዝ ሜታል ከሆናችሁ ፍጠኑ፣ ካልሆነም ተዉት» አለችው በማግሥቱ። «ይሄ እኮ የታመመ ዝሆን አካሄድ ነው።»

ወንድሟ የያዘውን ዳቦ አኝኮ እስኪጨርስ አስጠበቃት።

«ሲሮጥ ያየሽው ዳምጠው አለ?» አላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪም ልቡ እንደሰፋ ነገረው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ስምንት ዘፈን እንቅዳ አለ፤ እሷ የምትሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ በሁለት ቀን ቀዱት። ምቱን የሚቆጥርለትን ክሊክ በጆሮው ልታደርግለት ብትል እምቢ አለ። ብቻውን እንዲመታ ብትለምነውም እምቢ አለ። ስለዚህ ድራሙና ቤዙ አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ፤ መምህሩ መካከላቸው ቆሞ ያለ ማይክ፣ ለመምሪያ ያህል ያንጎራጉርላቸዋል። ስልክ እንኳ ውጭ ይቀመጥ ተባለ። ችኩሌ ሁለቱን ቀን ስትነጫነጭ ዋለች።

«የቤዙ ማይክ ውስጥ ድራሙ እየገባብኝ ነው። ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ጋሼ።»

«ይግባ» አለ። «ጎረቤት ነው።»

በአምስተኛው ሳምንት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የተቀዳውን ከፍታ ስክሪኑ ላይ ስታየው፣ የወንድሟ ምት ሁሉ ከመስመሩ ኋላ ቆሟል። ኮምፒዩተሩ ምቱ ማረፍ ያለበትን ቦታ በቀጭን መስመር ያሳያል፤ የእሱ ምት ግን አንድም መስመሩ ላይ የለም። በዓይን እርግብታ፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ፣ ዘግይቷል። ችኩሌ ትዝ ያላት በዚያን ሰሞን ያበጠ እግሩ ነው። ጫማ አልገባለት ብሎ በነጠላ ጫማ ነበር የመጣው። ደክሞት ነበር አለች። አንጀቷን በላው። የወንድሟን ድካም የማያውቀው ሁሉ ሊሰማው ነው።

ስለዚህ ጎተተችው። እያንዳንዱን ምት ወደ መስመሩ፣ ቤዙንም አብራ። ለኮምፒዩተር ይሄ ቀላል ሥራ ነው፤ ስምንቱን ዘፈን በአራት ቀን ጨረሰች። ከዚያ ያልተስተካከለውን ድራም ከኮምፒዩተሩም ከመጠባበቂያው ዲስክም ላይ አጠፋች። ማንም ቆፍሮ እንዳያገኘው። ሰው ፊት ከማቅረቧ በፊት ሸሚዙን እንደተኮሰችለት ነበር የቆጠረችው።

መምህሩና አናጢው የመጡት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ጊታሩና ድምፁ በዚያ ላይ ሊቀዳ ነበር። ሁለቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ድምፁን ከፍታ ዞራ አየቻቸው። በዚህ ሙዚቃ ሰው አይጨፍርም። ስኔር የሚሉት ትንሹ ድራም ሲያርፍ ጭንቅላት አብሮ ይወርዳል፣ ይኸው ነው። ይሄን ያህል ታውቃለች። ስለዚህ አንገታቸውን ነበር የምታየው።

አንደኛው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። የማንም አንገት አልተነቃነቀም። አናጢው ጣቱ ጎድሎበት እንደሚቆጥር ሰው እጁን ያያል።

«ማነው የሚመታው?» አለ።

«እንዴት ማነው? ጋሼ ነዋ።»

«አይደለም።»

«አናጢ፣ ቆዳው የሱ፣ ዱላው የሱ፣ የቀዳሁት እኔ። ምን ማለትህ ነው?»

«ድምፁስ የሱ ነው። ሰውየው የለበትም እንጂ።»

መምህሩ ለልጆች በሚያነብበት ድምፅ፣ «ምን አደረግሽው?» አላት።

«አስተካከልኩለት። ከመስመሩ ኋላ ነበር። ደክሞት ነበር።»

«ስንቱ?»

«ሁሉም።»

«ደክሞት ቢሆን ሁሉም ይዘገያል? አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ነው የመታው። ሲሚንቶ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ በነበረበት ጊዜም።» መምህሩ መዳፉን አንሥቶ አየር ላይ አቆመው። «አሁን ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ አይመጣም። ቀረ ስትዪ ይወድቅብሻል።» እጁን ጭኑ ላይ ጣለው። «እኛ የምንጫወተው ይቺን ነው። ሌላው ጩኸት ነው።»

«ዋናውን ክፈችልን» አለ አናጢው።

ችኩሌ ስክሪኑን አየች።

«ችኩሌ።»

«አጠፋሁት።»

ማንም አልጮኸባት። ቢጮኹባት ትመርጥ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አታጣም። አናጢው ኮፍያውን ከሶፋው ላይ አንሥቶ አቧራ የሌለበትን አራገፈው። መምህሩ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ የጓደኛውን ሥዕል ላስተካክልልህ ብሎ ሲያበላሽበት ምን እንደምለው አውቃለሁ» አላት። «ላንቺ የምለው ግን የለኝም።»

እቤት ስትገባ እናቷ የወንድሟን የሥራ ልብስ አልጋው ላይ ዘርግተው፣ የሚሰጠውን ከማይሰጠው ይለያሉ። ሬንጁ ከጉልበቱ ላይ አልለቅ ያለ ሰማያዊ ቱታ ነበር። ችኩሌ ጥግ ላይ ቁጭ አለች። ወንድምሽ ከታመመ ወዲህ ደክሞት ነበር እንዲሏት ነበር የፈለገችው።

«እማዬ፣ ጋሼ ዝግ ማለት የጀመረው ሲታመም ነው አይደል?»

«ያ ልጅ?» እናቷ ቀና አሉ። «ሲወለድ እንኳ ሁለት ሳምንት አሳልፎ ነው የመጣው። አዋላጇ ዕቃዋን ሸክፋ ልትወጣ ስትል ነው ብቅ ያለው። አንቺን ግን ታክሲ ውስጥ ልገላገልሽ ነበር፤ ሹፌሩ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።»

ችኩሌ አልሳቀችም። እናቷ ቱታውን ለሁለት አጠፉት።

«ስጠራው አቤት የሚለው ቆይቶ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ናቀኝ እያልኩ በጥፊ አቀምሰው ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። መጀመሪያ በደንብ ይሰማኛል፣ ከዚያ ነው የሚመልሰው። አንቺ ገና ሳልጨርስ ነው የምትመልሺልኝ።»

«ሳትጨርሺ የምመልሰው የምትዪውን ስለማውቀው ነው።»

«አየሽ?» አሉ እናቷ፤ ቱታውን ከማይሰጠው በኩል አኖሩት።

በአራተኛው ቀን አናጢው ስቱዲዮ መጣ። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው። ሊወቅሳት መስሏት ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«ቁጭ በይ» አላት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን የኔ ማይክ ውስጥ ድራሙ እየገባ ነው ብለሽ አልነበር አገር ይያዝልኝ ያልሽው?»

ችኩሌ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች።

ቤዙን አላጠፋችውም ነበር። የጎተተችው ግልባጩን ነው፤ ዋናው ምንም የሚሸፈን ነገር ስላልነበረበት ከነአካቴው ረስታዋለች። ከፈተችው። ቤዙ የሚያርፍባቸውን ክፍተቶች መርጣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረገችው። ከሚያጉረመርመው የማጉያ ድምፅ ሥር፣ ከግድግዳ ወዲያ ሰው ሚስማር እንደሚመታ ሁሉ፣ ድራም ይሰማል።

«ጎረቤት» አለች።

ያ የታፈነ ድምፅ እንዳለ አልበም ላይ አይወጣም። ግን ቦታ ያሳያል። እያንዳንዱ ምት የት ነበር የቆመው? ጥርት ያለውን የድራሙን ድምፅ እሷ ከተከለችው መስመር ላይ ነቅሎ፣ ጎረቤት ወደሚያሳየው ቦታ መመለስ ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ይሄን አይችልም፤ ድምፁ ደካማ ስለሆነ ቤዙን ከድራሙ አይለይም። በጆሮና በእጅ ብቻ ነው። ስንት ምት እንደሆነ ስትጠይቀው ኮምፒዩተሩ ነገራት። አሥራ አንድ ሺህ ከምናምን።

«ስንት ቀን አለን?» አለ አናጢው።

«አልበሙን የሚያሳትመው ሰው በሰባት ሳምንት ይፈልገዋል።»

«እንግዲህ ጀምሪያ። ለመቸኮል ማን ብሎሽ።»

ማስታወቂያዋን ወደ ከሰዓት አዛወረች፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የወንድሟ ሆነ። የመጀመሪያውን ጠዋት ሙሉ ሠርታ ያስተካከለችው የአንድ ደቂቃ ተኩል ሙዚቃ ነው። ወንበሩን ሁለት ጊዜ ረግጣዋለች። አናጢው በምሳ ሰዓቱ ብቅ እያለ አጠገቧ ይቀመጥና፣ የበር መዝጊያ ሲገጥም እንደሚናገረው ይናገራታል።

«ወደ ኋላ። ትንሽ። ሌላ ትንሽ። ኧረ አለፍሽ፣ መልሺ።»

«የፀጉር ስንጣቂ ናት እኮ!»

«በር የሚያንቀው እሷው ናት።»

በሁለተኛው ሳምንት መዘግየቱ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አየች። በእግሩ የሚመታው ድራም ቀድሞ ይወርዳል፣ በእጁ የሚመታው ይከተላል። አንዳንድ ቦታ ብዙ ይቆያል፣ አንዳንድ ቦታ ጥቂት። መጀመሪያ ዝም ብሎ የመጣለት መስሏት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ድራሙ ከሌላው ሁሉ አስበልጦ የሚቆይበት አንድ ቦታ አገኘች፣ ቃሉ ሊገባ ሲል። ደጋግማ ስትሰማው በቤዙ ማይክ ውስጥ፣ ከድራሙም ሥር፣ ሌላ ቀጭን ነገር ሰማች። ሰው አየር ሲስብ። መምህሩ ነው። ስልኩን አንሥታ ደወለችለት።

«ሦስተኛው ላይ፣ ከመግባትህ በፊት ትተነፍሳለህ?»

«ሰው ነኝ፣ እተነፍሳለሁ» አለ። ከበስተኋላው ልጆች ይንጫጫሉ።

«ጋሼ ይጠብቅህ ነበር። አንተ ስበህ እስክትጨርስ ስኔሩን አያወርደውም።»

አንድ ልጅ ሊያለቅስ ጀምሮ ተወው።

«አውቃለሁ» አለ መምህሩ። «ሌላ ሰው ያውቃል ብዬ ግን አላሰብኩም።» ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

በዚያን ቀን ከሰዓት የጥርስ ሐኪሙን ማስታወቂያ ሠላሳ ሴኮንድ ማድረግ ነበረባት። አራት ትንፋሽ ቆረጠች። አምስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ደንበኛ ደንበኛ ነው፤ ቆረጠችው። ግን የት እንደወደቀ አየችው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ነገር ደረሰባት። የተመለሰውን ሁለተኛ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማጣራት ከፈተችውና፣ መካከሉ ላይ አንገቷ እየወረደ መሆኑን አየች። ማንም አላዘዛትም። ቤዙ ከታች እንደ ጭነት መኪና ያጓራል፣ እግሩ ይመጣል፣ ከዚያ ክፍተት አለ፤ አንዲት ባዶ ቦታ፤ በዚያች ባዶ ቦታ እሷም ትንጠለጠላለች። ስኔሩ ሲወርድ ከላይ የሆነ ነገር ተጭኗት እንደገና ወለሉ ላይ ያስቀምጣታል። ተማሪ ሳለች ምሳውን ልትሰጠው መንገድ ዳር ቆማ ዳምጠውን ስትጠብቅ ትዝ አላት። ጠጠሩ የሚሰበረው ብረቱ ሲነካው አልነበረም። ብረቱ ይነካዋል፣ ጠጠሩ ይችላል፣ ይችላል፣ ከዚያ ነው ቀጭ የሚለው። ፈጣን ሙዚቃ ሰምታ ታውቃለች፤ ወዲያው ያልፋል፣ አንቺንም ያሳልፍሻል። ይሄኛው የትም አይሄድም። ላይሽ ላይ ቆሞ ክብደቱን እስክታውቂው ይጠብቅሻል። ሰው ሐዘን ሲኖርበት ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ገባት። ቶሎ ይለፍልሽ የማይላት ብቸኛው ነገር እሱ ነበር።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ ልክ የነበረችበትን አንድ ቦታ አገኘች። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ምቱ በእርግጥ ይወላከፋል። ይሄ መጠበቅ አይደለም፤ ያበጠው እግር ነው። ስምንት ምት ያህል ተንገዳግዶ ቆየና መልሶ ያዘው። እዚህ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። መስመሩ ላይ ብትተወው ማንም አይጠይቃትም። ስምንቱንም አንድ በአንድ ወደነበሩበት መንገዳገድ መለሰቻቸው።

የቀረው ስምንተኛው ዘፈን ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ድራም ብቻውን ይጀምራል፤ ቤዙ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በልምምድ እንዲህ ያለ መግቢያ አልነበረውም፤ የዚያን ቀን ድንገት የመጣለት ነው፤ መምህሩ ከዳምጠው ሁሉ ዳምጠው ይሄኛው ነው ይላል። ችኩሌ የቤዙን ቅጂ ከፈተችና ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምራ ፈለገች። ቅጂው የሚጀምረው ከሁለተኛው ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ዝምታም አይደለም፤ ምንም።

ያኔ አስታወሰችው። ሙዚቀኛው የማይጫወትበትን ባዶ ቦታ መቁረጥ ልማዷ ነው። የቀዱ ዕለት ማታውን፣ አናጢው ገና ማጉያውን መኪና ላይ ሳይጭን፣ ባዶ ነው ብላ ቆርጣ ጥላዋለች። አናጢው ገመዱን ይዞ፣ ምንም ሳይነካ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ዳምጠውን ያዳመጠበት ቦታ ነበር። ማይኩ ክፍት ነበር። ጎረቤት በሙሉ ድምፁ እዚያ ውስጥ ነበር።

በማጠናቀቂያው ዕለት ሁለቱም መጡ። ጊታሩና ድምፁ ከተመለሰው ድራም ጋር ተቀድቶ አልቋል፤ የቀረው መስማት ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከአንደኛው ዘፈን ጀምሮ የሁለቱም አንገት ወረደ፤ አናጢው ዓይኑን ጨፍኗል። ሰባተኛው ላይ፣ እዚያች ስምንት ምት ላይ ሲደርስ፣ መምህሩ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ስምንተኛው ጀመረ። ድራም ብቻውን። ከመስመሩ ኋላ፣ ከባድ፣ በቦታው። የሁለቱም አንገት አብሮ ወረደ።

«አገኘሽው!» አለ አናጢው።

ችኩሌ አጠፋችው።

«አላገኘሁትም። ይሄ እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት እጁን ሳይ ሰንብቼ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ያደርግ ነበር ብዬ የገመትኩት ነው። የሱ መግቢያ የለም።» ከዚያ ባዶውን እንዴት እንደቆረጠችው ነገረቻቸው። ድምፅዋን አልሰበረችም፣ ምክንያትም አልደረደረችም።



«እና ተይው እንደዚያው» አለ መምህሩ። «ማን ያውቃል? እኛ እንኳ አላወቅንም።»

«ለዚህ ነው የማይወጣው።»

«ችኩሌ፣ የሱ ትልቁ ነገር እኮ ነው። ሰው ሊሰማው ይገባል።»

«ይሄን ቢሰሙ እሱን አይሰሙም። አንዴ ደክሞታል ብዬ በሱ ስም መታሁ። አሁን ደግሞ ገብቶኛል ብዬ በሱ ስም አልመታም። ዘፈኑ ቤዙ ከሚገባበት ይጀምራል።»

«መሃል ላይ?»

«መሃል ላይ።»

አናጢው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «በሩ ሲጎድል» አለ፣ «ሰው ቤቱን ያያል።» መምህሩ ምን ማለትህ ነው በሚል ዓይን አየው፤ አናጢው ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም አላውቅም። ግን ልጅቷ ትክክል ናት።»

ችኩሌ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንሥታ ለመምህሩ ሰጠችው። ለአልበሙ ሽፋን የጻፈችው ነው። ድራም ማን እንደመታ፣ ቤዝ ማን እንደተጫወተ፣ ጊታርና ድምፅ የማን እንደሆነ ይላል። ከሥር አንድ መስመር አለ፦ የስምንተኛው ዘፈን መግቢያ የለም፤ የቀዳችው እህቱ አጥፍታዋለች።

መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንዲህ ተብሎ የሚጻፈው የት አገር ነው?»

«እዚህ። ጋሼ እዚያ ቦታ ላይ ተጫውቷል። እንዳልተጫወተ አይቆጠርበት።»

መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ስምንተኛውን ከአዲሱ መጀመሪያው ልስማው አለ፤ አናጢውም ድምፁን ከፍ አድርጊው አላት። ከፈተችላቸው። ቤዙ ተነሣ፣ እግሩ ተከተለ።

ችኩሌ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የስቱዲዮው በር በስፖንጅ የተሞላና ዙሪያውን ላስቲክ የለበሰ ከባድ በር ነው፤ ገፍተው ቢለቁት ራሱን አይዘጋም፣ ቢወረውሩትም አይላተምም። እሷ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጋው ነው የምትሄደው፤ የስቱዲዮው ባለቤት ስንት ጊዜ ተጣልቷታል። በትከሻዋ ደገፍ አለችው። በሩ ቀስ እያለ ሄደ፣ ላስቲኩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከውስጥ ስኔሩ ገና አልወረደም። እስኪወርድ ጠበቀችና ዘጋችው።